ወደ ደጅ የሚጮኸው ፊልም
ከደጋን እስከ ደሴ፣ በጆሮ የተደረገ ቅኝት

ደጋን ላይ ፊልም ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ መጋረጃ ከተጋረደበት በር ጀርባ ጥይት ይንጣጣል፤ መኪና ይገለበጣል፤ ሴት ታለቅሳለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ የተርጓሚው ጎርናና ድምፅ የጀግናውንም፣ የጠላቱንም፣ የእናቱንም ንግግር ብቻውን ተሸክሞ በአማርኛ ይተርካል። ስክሪኑ ከመንገድ አይታይም። ለማየት መክፈል ያስፈልጋል። ድምፁ ግን ሳይከፈል ለሁሉም ይታደላል፤ ሻይ ለሚጠጣው፣ ጎማ ለሚያስነፋው የተሳቢ ሹፌር፣ ከጓሮ ለተኛችው አራስ ጭምር።

ይህ ቅኝት ስለዚያ ድምፅ ነው። ከደጋን ተነስቶ፣ ኮምቦልቻን አቋርጦ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ይገባል። መለኪያ መሣሪያ አልያዝንም። የያዝነው የሥራ ደኅንነት ባለሙያዎች የሚያስተምሩትን ቀላል ፈተና ነው፦ በአንድ ክንድ ርቀት ካለ ሰው ጋር ለመግባባት ድምፅን ከፍ ማድረግ ካስፈለገ፣ በዙሪያው ያለው ጩኸት 85 ዴሲቤል ደርሷል ወይም አልፏል ማለት ነው። 85 ዴሲቤል በቀን ለ8 ሰዓት ሲሰማ ጆሮን ለጉዳት የሚያጋልጥ ወሰን ተብሎ የተያዘ ቁጥር ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሒሳብ ይከብዳል። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጆሮ ላይ የሚያርፈው ጉልበት እጥፍ ስለሚሆን፣ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ሦስት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ የሕንድ ፊልም በ91 ዴሲቤል የሚመለከት ሰው፣ ፍቅረኞቹ ገና ሳይታረቁ የዕለት ድርሻውን ጨርሷል።

ደጋን፦ ድምፅ የያዘው ሥራ

ደጋን በቃሉ ወረዳ ያለች የመንገድ ከተማ ናት። አስፋልቱ ጣሊያን በወረራው ዘመን ደሴን ከአሰብ ወደብ ለማገናኘት የሠራው መንገድ አካል ነው። ዛሬም ከጅቡቲ ተነስተው በሚሌ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚያቀኑ ከባድ መኪኖች ያልፉበታል። እንዲህ ያለች ከተማ ከመጀመሪያውም ጸጥ ብላ አታውቅም። የተሳቢ ፍሬን አለ፤ የባጃጅ ጡሩምባ አለ፤ ባቲ፣ ባቲ እያለ የሚጣራ ረዳት አለ፤ ደጁ ላይ ስፒከር የደቀነ የሞባይል ሱቅ አለ። ፊልም የሚያሳየው ሰው ለመሰማት ከእነዚህ ሁሉ በላይ መጮህ እንዳለበት ያስባል። የሞባይል ሱቁም ስለ እሱ እንደዚያው ያስባል። ውጤቱ ማንም ያላሰበው፣ ግን ሁሉም ያዋጡበት ጩኸት ነው።

እንደ ደጋን ባሉ ከተሞች ሲኒማ ሲባል ባለ ቀይ ወንበር አዳራሽ አይታሰብም። የሚታሰበው ድሮ ቪዲዮ ቤት ይባል የነበረው፣ አሁን ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ስለሚታይበት ዲኤስቲቪ ቤት የሚባለው ክፍል ነው። አግዳሚ ወንበሮች በመደዳ ይደረደራሉ፤ ፊት ለፊት ቴሌቪዥን ይሰቀላል፤ ፊልሙ በፍላሽ ይመጣል። ኳስ በሌለበት ቀን የሕንድ ፊልም፣ ጦርነት፣ ካራቴ፣ የትርጉም ፊልም ይታያል። ፊተኛው አግዳሚ ብዙውን ጊዜ የልጆች ነው።

በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ከስክሪኑ ይልቅ ስፒከሩ የተቀመጠበትን ቦታ ማየት ብዙ ያስተምራል። አንዱ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይሆናል። ሌላው በር ላይ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ይቆማል። ከቤቱ ሒሳብ አንጻር ይህ ስሕተት አይደለም። ውስጥ የተቀመጠው ከፍሏል፤ የሚፈለገው ገና ያልከፈለው ነው፤ እሱ ደግሞ ያለው ውጭ ነው። ታፔላ ማጻፍ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ድምፅ ግን መሣሪያው አንዴ ከተገዛ በኋላ ቀኑን ሙሉ በነጻ ይሠራል። ስለዚህ በደጋን መንገድ ላይ የሚሰማው ድምፅ የፊልሙ አካል ብቻ አይደለም፤ የቤቱ ማስታወቂያም ነው።

ችግሩ ማስታወቂያው የሚያርፍበት ጆሮ ላይ ነው። ድምፅ በራቀ ቁጥር ይደክማል። መንገድ ማዶ ያለው ሰው የሚሰማው የተረፈውን ነው። ሙሉው ጉልበት የሚያርፈው ከስፒከሩ ሁለት እርምጃ ርቆ በተቀመጠው ልጅ ላይ ነው። ውጭ ያለውን ለመጥራት ሲባል ውስጥ ያለው ይደነቁራል። ከፍሎ የገባው ሰው ለማያውቀው ሰው የተላከን መልእክት በጆሮው ይሸከማል።

ቆርቆሮና ሊሾ

ከማስታወቂያነቱ ሌላ ክፍሉ ራሱ ለጩኸት የተሠራ ይመስላል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ ጭቃ ወይም ብሎኬት ነው፤ ወለሉ ሊሾ ነው። ኮርኒስ ካለም ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ነው። ቆርቆሮና ልስን ድምፅ አይውጡም፤ መልሰው ይወረውሩታል። አንዱ ቃል ሳይጠፋ ሌላው ይደርስበታል፤ ንግግሩ ይደራረባል። ከኋላ አልሰማንም የሚል ድምፅ ሲነሳ ቮልዩሙ ይጨመራል። ሲጨመር ግን ከግድግዳው የሚመለሰውም እኩል ስለሚጨምር ቃሉ አሁንም አይለይም። ጩኸቱ ሞልቶ ንግግሩ የጎደለበት ቤት የሚፈጠረው እንዲህ ነው።

ክረምት ሲገባ ይብሳል። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ተዋናዩ ቢጮህም አይሰማም፤ አሳዪው ቁልፉን እስከ መጨረሻው ያዞራል። ዝናቡ ሲያባራ ግን ወደ ቦታው የሚመልሰው የለም። ከዝናቡ ጋር ሲፎካከር የነበረው ድምፅ ደረቅ ክፍል ውስጥ ብቻውን ይቀራል።

ሌላው ምክንያት ፊልሙ የተሠራበት መንገድ ነው። የዘመኑ ፊልም ድምፅ በስድስት መስመር ተከፋፍሎ ይቀዳል። የተዋንያኑ ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከመሃለኛው ስፒከር ነው፤ ሙዚቃውና ፍንዳታው በግራና በቀኝ፣ ጉርምርምታው በሰብዉፈሩ ይወጣል። ይህ ፊልም ሁለት ስፒከር ብቻ ባለበት ቤት ሲጫወት፣ ማጫወቻው ስድስቱን መስመር ወደ ሁለት አጥፎ እንዲያወጣ ካልተስተካከለ መሃለኛው መስመር ይደበዝዛል ወይም ጭራሹን ይጠፋል። በሹክሹክታ የተነገረ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመስማት ቮልዩም ይጨመራል፤ ከአፍታ በኋላ ቦምብ ሲፈነዳ ለመቀነስ የሚደርስ እጅ የለም። ብዙ ሰው ፊልሙ ጮኸብኝ የሚለው በዚያች ቅጽበት ነው። የጮኸው ግን ቀደም ብሎ፣ ንግግሩ ሲጠፋ ነው።

የትርጉም ፊልም ይህን ችግር በራሱ መንገድ ይፈታዋል። ተርጓሚው ከሁሉም በላይ ስለሚናገር የጠፋ ቃል የለም። ለተመልካቹ ያለው ጥቅም ትልቅ ነው፤ ሂንዲም ሆነ እንግሊዝኛ የማይሰማ ሰው ታሪኩን ከነቀልዱ ይዞ ይወጣል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቅጂ ብዙ ጊዜ ዝግ ያለ ቦታ የለውም። በመጀመሪያው ፊልም ላይ ሰው ዝም ብሎ የሚያይበት፣ ነፋስ ብቻ የሚሰማበት ትዕይንት በተርጓሚው ማብራሪያ ይሞላል። ጆሮ የሚያርፍበት ፋታ ያጣል።

የመጨረሻው ምክንያት ቁልፉን የያዘው ልጅ ራሱ ነው። ከጧት እስከ ማታ እዚያው ይቀመጣል። ለረጅም ሰዓት በጩኸት ውስጥ የቆየ ጆሮ ለጊዜው ይደነዝዛል፤ በጧት የበቃው ድምፅ ከሰዓት በኋላ ያንሰዋል። ስለዚህ ይጨምራል። ለእሱ የተስተካከለው ድምፅ አሁን ለገባው ሰው ከልክ ያለፈ ነው። ድምፁ በዝቷል ብሎ የሚያማርር ካለም የሚያገኘው መልስ የታወቀ ነው፦ አብሽር፣ ይለመዳል። እውነት ነው፤ ይለመዳል። የሚለመደው ግን ጆሮው ስለደከመ ነው።

ኮምቦልቻ፦ ከፋብሪካ ወደ አግዳሚ

ከደጋን ወደ ኮምቦልቻ ሲገባ የጩኸቱ ባለቤት ይለወጣል። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ ቀድመው የነበሩ ናቸው፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። በዓለም ዙሪያ የሽመና ማሽኖች የተደረደሩበት አዳራሽ ከ90 ዴሲቤል በላይ ከሚጮኹ የሥራ ቦታዎች መካከል የሚቆጠር ነው። እዚያ የሚሠራ ሰው ስለ ድምፅ ሊነገረው አይገባም፤ በክንድ ርቀት ካለው ባልደረባው ጋር በምልክት መግባባትን ተምሯል።

ይህ ሠራተኛ ግን ቢያንስ በወረቀት ላይ ጠበቃ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ፣ የመከላከያ መሣሪያም እንዲያቀርብ ያስገድዳል። የጆሮ መሸፈኛ ከእነዚህ አንዱ ነው። ቢሰጠውም ባይሰጠውም፣ ይገባኛል ብሎ የሚከራከርበት አንቀጽ አለው።

ፈረቃው አልቆ፣ ልብሱን ቀይሮ፣ ማታ የአርሰናልና የማንቸስተር ዩናይትድን ጨዋታ ለማየት ወይም ጨዋታ ከሌለ ፊልም ለማየት አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ ግን አንቀጹ በር ላይ ይቀራል። ጆሮ ደመወዝ የሚከፈልበትን ድምፅ እሱ ከሚከፍልበት ድምፅ አይለይም። ሁለቱንም ደምሮ ይይዛል። ቀን በማሽን የተጀመረው ሒሳብ ማታ በስፒከር ይቀጥላል። ለደከመ ጆሮ የሚያስፈልገው ጸጥታ ነበር፤ ያገኘው ግን ሌላ ፈረቃ ነው።

ጉዳቱ የሚደርስበት ቦታ ከዐይን የተሰወረ ነው። በውስጠኛው ጆሮ፣ በቀንድ አውጣ ቅርጽ በተጠመዘዘው አካል ውስጥ፣ ወደ 15,000 የሚጠጉ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። ሰው ይዞ የሚወለደው እነዚህን ነው፤ ከሞቱ አይተኩም። ከቪዲዮ ቤት ሲወጣ ጆሮዬ ጭው አለ የሚል ሰው የሕዋሳቱን እሮሮ እየሰማ ነው። በማግስቱ ጭውታው ሲጠፋ የዳነ ይመስለዋል። አንዳንዶቹ አገግመዋል፤ አንዳንዶቹ ግን ላይመለሱ ሄደዋል። በመጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ በ4,000 ኸርዝ አካባቢ ያለው። ስለዚህ ሰውዬው ደንቆሯል አይባልም። ሰው ሲያወራ ይሰማዋል፤ እንደ ሰ፣ ሸ እና ፈ ያሉት ድምፆች ስለሚያመልጡት ግን ምን እንደተባለ አይለየውም። ምን አልከኝ እያለ ያስደግማል። ቴሌቪዥኑንም ከፍ አድርጉልኝ ይላል። በጩኸት የተጎዳ ጆሮ ተጨማሪ ጩኸት ይጠይቃል።

ለእግር ኳስ ምሽት ግን ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። እዚያ የሚጮኸው በአብዛኛው ሰው ነው፤ ጎል ሲገባ ይፈነዳል፤ መልሶ ይረግባል። ጆሮ በመሃል ይተነፍሳል። ፊልም ላይ ግን ጩኸቱን የሚያወጣው ማሽን ስለሆነ አይደክመውም።

ሐረጎ ላይ፦ ነገሩ የድህነት ነው?

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ሐረጎን እየተጠማዘዘ ከ600 ሜትር የማያንስ ከፍታ ይወጣል። እስከዚህ ያየነው ሁሉ ቆርቆሮ፣ ሊሾና ርካሽ ስፒከር ነበር። ስለዚህ ነገሩ የአቅም ማነስ ነው፣ ጥሩ አዳራሽ ቢሠራ ይጠፋል ብሎ ማሰብ ይቀላል። የሀብታሞቹ ሲኒማ ታሪክ ግን ይህን አያረጋግጥም።

እ.ኤ.አ. በ1974 የሆሊውዱ ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ «ኧርዝኩዌክ» የተባለውን ፊልም ሴንሰራውንድ በተባለ ዘዴ አሳየ። ግዙፍ ስፒከሮች ተመልካቹ የመሬት መንቀጥቀጡን በሰውነቱ እንዲሰማው ወንበሩንና ወለሉን ያርገፈግፉ ነበር። በሎስ አንጀለሱ ግራውማን ቻይኒዝ ቴአትር የጣሪያው ልስን ተመልካች ላይ እንዳይረግፍ መረብ ተዘረጋ። ያ ፊልም ጩኸት ራሱ የሚሸጥ ዕቃ መሆኑን አሳየ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሥርዓት የተሻለ ነበር። ዶልቢ ባስፋፋው አሠራር የፊልም ድምፅ አዘጋጆች በ85 ዴሲቤል መነሻ በተስተካከለ ክፍል ውስጥ ይሠራሉ፤ ሲኒማ ቤቱም ቁልፉን 7 ቁጥር ላይ ካደረገ አዘጋጁ የሰማውን ተመልካቹ ይሰማል። መነሻው 85 ይሁን እንጂ ጣሪያው ሩቅ ነው። ከእያንዳንዱ ዋና ስፒከር ለአፍታ እስከ 105፣ ከሰብዉፈሩ እስከ 115 ዴሲቤል ሊወጣ ይችላል። አዘጋጆችም ይህን ጣሪያ እየተጠቀሙበት መጡ። ይበልጥ ያበላሸው ከፊልሙ በፊት የሚታየው ማስታወቂያ ነው። እያንዳንዱ ትሬይለር ከሌላው በልጦ ለመሰማት ስለጮኸ ተመልካች አማረረ፤ ሲኒማ ቤቶች ቁልፉን ወደ 5 እና ከዚያም በታች አወረዱ፤ ዋናው ፊልም ሲጀምር ንግግሩ አልሰማ አለ። ኢንዱስትሪው በመጨረሻ ለትሬይለር የድምፅ ወሰን ለማበጀት ተገደደ። የደጋኑ ቪዲዮ ቤትና የሞባይል ሱቁ ፉክክር በሚሊዮን ዶላር መሣሪያ ሲደገም ይህን ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የክሪስቶፈር ኖላን «ኢንተርስቴላር» ሲወጣ ብዙ ተመልካች ሙዚቃው ንግግሩን ዋጠብን ብሎ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ግን ሆን ብዬ ያደረግሁት ነው ብሎ ተከራከረ።

በዚያው ዓመት የአሜሪካዋ ኮኔቲከት ግዛት በሲኒማ ቤት ድምፅ ላይ የ85 ዴሲቤል ወሰን የሚጥል ረቂቅ ሕግ ቀርቦላት ሳይጸድቅ ቀረ። ስዊዘርላንድ ግን ተሳክቶላታል፤ የሰዓት አማካዩ ከ93 ዴሲቤል የሚያልፍ ዝግጅት ያለው ሰው አስቀድሞ ማስታወቅ፣ ለታዳሚውም የጆሮ መሰኪያ በነጻ ማቅረብ ይጠበቅበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ የመዝናኛ ቦታዎች የ15 ደቂቃ አማካይ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ፣ ጸጥ ያለ ማረፊያም እንዲኖር መክሯል። ጩኸት የድሃ ብቻ ችግር አይደለም ማለት ነው። ልዩነቱ አንዳንዶቹ ተመልካችን ወክለው መከራከር መጀመራቸው ነው።

ደሴ፦ አዳራሽ ያላት ከተማ

ደሴ በጦሳና በአዝዋ ተራሮች መካከል ተሰንቅራ ያለች ከተማ ናት። ፒያሳ ላይ የተነሳ ድምፅ ተራራውን ሳይነካ አይጠፋም። ከደጋንና ከኮምቦልቻ የምትለየው ደግሞ የአዳራሽ ታሪክ ስላላት ነው። ኮረብታ ላይ የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ አለ፤ ሠራዊትና ሕዝብ ግብር የበላበት። እዚያ ድምፅ ማጉያ አልነበረም። ንጉሡ ሲናገሩ ሌላው ዝም ማለት ነበረበት፤ አጋፋሪው የሚሠራው አንዱ ሥራ ያንን ዝምታ ማስከበር ነበር። የአንድ ሰው ቃል ለብዙ ሰው የሚደርሰው ብዙው ሰው ሲተባበር ነበር። ድምፅ ማጉያ ሲመጣ ያ ትብብር ትርፍ ነገር ሆነ። ተሰብሳቢው ካወራ ሞንታርቦው ይጨመራል።

ከተማ ውስጥ ደግሞ ወሎ ባህል አምባ አለ፤ ማሪቱ ለገሠን የመሳሰሉ ድምፃውያን ከወጡበት ከላሊበላ የኪነት ቡድን ጋር ስሙ የሚነሳው። ወሎ በድምፅ የምትታማ ምድር አይደለችም። ባቲና አምባሰል የተባሉት የዜማ ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙት ከዚህ አካባቢ ነው፤ የመንዙማው ድቤ የሚመታውም እዚሁ ነው። ሕዝቡ ድምፅ ይወዳል። የሚወደው ድምፅ ግን ከፍ ሲል ምክንያት ያለው፣ ዝቅ ሲልም የሚያስለቅስ ድምፅ ነው። መሰንቆ የያዘ ሰው ዝቅ ማለትን ካላወቀ ዘፋኝ አይባልም።

ጥሩ አዳራሽ ከቪዲዮ ቤት የሚሻልበት ነገር አለ። መጋረጃው፣ የጨርቅ ወንበሩ፣ የተመልካቹ ጋቢና ጃኬት ድምፅ ይውጣሉ፤ ስለዚህ ንግግር በትንሽ ድምፅ ይሰማል። ግን አዳራሹ የማያስተካክለው ችግርም አለ። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ዓ.ም. በዲጂታል ካሜራ የተሠሩት የአማርኛ ፊልሞች ከአዲስ አበባ አዳራሾች አልፈው በክልል ከተሞች ሲዞሩ፣ ብዙዎቹ ድምፃቸው የተቀናበረው በትንሽ ክፍል፣ በኮምፒዩተር ስፒከር ወይም በጆሮ ማዳመጫ ነበር። በትንሽ ክፍል ደኅና የመሰለው ድምፅ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ሲገባ ጆሮ የሚበሳ ይሆናል፤ ጥፊው መድፍ ይመስላል፤ ስልክ ሲጠራ ሰው ይደነግጣል። እዚህ ላይ ጥፋቱን አሳዪው ላይ ብቻ መጣል አይቻልም።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ስለ ፊልም ፍንዳታ ሲወራ የማይዘለል ነገር አለ። የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ሁለቱ ከተሞች ገብቶ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆይቷል። ያኔ የከባድ መሣሪያ ድምፅ የሰሙ ሕፃናት ዛሬ ለፊልም የደረሱ ልጆች ናቸው። ለሌላ ከተማ ልጅ ከስፒከር የሚወጣው የመድፍ ድምፅ የተሠራ ድምፅ ብቻ ነው፤ እዚህ ግን አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት መካከል እውነተኛውን የሚያውቁ አሉ። ሳይዘጋጁ በሙሉ ጉልበት እንዲመጣባቸው ማድረግ መዝናኛ ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ሕጉ የቆመው ደጅ ላይ ነው

የኢትዮጵያ ሕግ ስለ ድምፅ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 የቤት ባለቤት ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ሽታ፣ ጩኸትና መንቀጥቀጥ በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ ደረጃ እንዲወሰን ያዝዛል። በአገሪቱ የወጣው ደረጃ ለመኖሪያ አካባቢ በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ይፈቅዳል፤ ለንግድ አካባቢ 65 እና 55፤ ለኢንዱስትሪ 75 እና 70። ቀን የሚባለው ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ነው።

እነዚህን ቁጥሮች በክንዱ ፈተና መመዘን ይቻላል። በር ላይ ቆሞ በክንድ ርቀት መነጋገር ካልተቻለ 85 ደርሷል፤ ለንግድ አካባቢ በቀን ከተፈቀደው በ20 ዴሲቤል ይበልጣል። 20 ዴሲቤል ትንሽ ይመስላል፤ በጉልበት ግን መቶ እጥፍ ነው። በዚያ ላይ እንደ ደጋን ባለች ከተማ ንግድና መኖሪያ የሚለያዩት በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ፊት ለፊቱ ፊልም ቤት፣ ጀርባው መኝታ ነው። የሚሠራው 65 ነው ወይስ 55 ብሎ የሚጠይቅ እንኳ የለም።

ከዚህ የሚበልጠው ክፍተት ግን ሌላ ነው። እነዚህ ድንጋጌዎች ሁሉ የቆሙት ለጎረቤት ነው። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ሰው ይጠበቃል። ከግድግዳው ወዲህ፣ ከፍሎ አግዳሚ ላይ የተቀመጠው ሰው አልተጠቀሰም። ወድዶ ገብቷል ተብሎ ታልፏል። የስምንት ዓመት ልጅ ጆሮውን ወድዶ ሰጥቷል ሊባል ግን አይችልም።

ቪዲዮ ቤት ቁጥጥር የለበትም ማለትም አይደለም። ፖሊስና የወረዳ ኃላፊዎች በተለያዩ ጊዜያት እንዲህ ያሉ ቤቶችን ሲፈትሹና ሲያሽጉ ኖረዋል። የሚፈለገው ልቅ ፊልም፣ ሺሻ፣ ከትምህርት ቤት የቀረ ተማሪ ነው። ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነው። ተቆጣጣሪው ወደዚያ ጩኸት ገብቶ፣ ራሱ እየጮኸ ጥያቄውን ጠይቆ፣ ስለ ጩኸቱ ሳያነሳ መውጣቱ ግን ይገርማል። ልጁ ምን እንዳየ ይጠየቃል፤ ምን ያህል እንደሰማ አይጠየቅም።

የሚዞረው ቁልፍ

በዚህ መንገድ ላይ ማንም ሊያየው የሚችል፣ ግን እንደ ማስረጃ የማይቆጠር ልማድ አለ። አዛን ሲወጣ ስፒከሩ ዝቅ ይላል ወይም ይዘጋል። ፊልሙ የደረሰበት ቢደርስ፣ ጀግናው ጠላቱ ላይ ቢያነጣጥር፣ እጅ ወደ ቁልፉ ይሄዳል። ቀብር በደጅ ሲያልፍም እንዲሁ ነው። በሠፈር ለቅሶ ካለ ያን ቀን በመንገዱ ላይ ሙዚቃ የሚከፍት አይወደስም። ታቦት ሲያልፍ የእስላሙም የክርስቲያኑም ሱቅ ዝም ይላል። ለዚህ የወጣ መመሪያ የለም፤ የሚቀጣ ደንብ አስከባሪም የለም። ወሎ ውስጥ አብሮ መኖር ማለት በተግባር ከሚታይበት ቦታ አንዱ ይኸው ቁልፍ ነው።

ስለዚህ ዝቅ ማድረግ አይቻልም የሚለው ሰበብ አይሠራም። መሣሪያው ዝቅ ይላል። ሲቀነስ ተመልካች ይሸሻል የሚለውም አይሠራም፤ አዛኑ እስኪያልቅ ተነስቶ የሚወጣ የለም። የሚጎድለው መሣሪያ ሳይሆን አክብሮት ነው። ለጸሎት ዝቅ እናደርጋለን፤ ለሙት ዝቅ እናደርጋለን፤ በሕይወት ላለው፣ ለከፈለው፣ ፊታችን ለተቀመጠው ጆሮ ግን አናደርግም። ደንበኛ ከሚገባው ክብር ውስጥ ጆሮው አልተቆጠረም።

ይህን ለመለወጥ ዶልቢ መግዛት አያስፈልግም። የበሩን ስፒከር ወደ ውስጥ ማዞር ወይም ጭራሹን ማንሳት ግማሹን ችግር ይፈታል፤ ማስታወቂያውን ታፔላ ይሥራው። ማጫወቻው ስድስቱን መስመር ወደ ሁለት አጥፎ እንዲያወጣ አንዴ ማስተካከል የጠፋውን ንግግር ይመልሳል፤ ንግግር ሲሰማ ቮልዩም የሚያስጨምር አይኖርም። ስፒከሩን ከፊተኛው አግዳሚ ማራቅና ከፍ አድርጎ መስቀል ልጆቹን ያተርፋል። የኋላው ግድግዳ ላይ አሮጌ ምንጣፍ ወይም ብርድ ልብስ መስቀል ከልስኑ የሚመለሰውን ድምፅ ይቀንሳል። ቁልፉ ላይ በፕላስተር ምልክት ተደርጎ፣ ዝናብ ሲያባራ ወደዚያ ይመለስ። ምልክቱ የሚደረገው ጧት ነው፤ አሳዪው ገና ጆሮው ሳይደክም።

የማዘጋጃ ቤቱም ድርሻ ቀላል ነው። የንግድ ፈቃድ ሲታደስም ሆነ ቤቱ ሲፈተሽ ከሚጠየቁት ጥያቄዎች ጋር አንድ ይጨመር፦ ፊልሙ እየታየ፣ መሃለኛው አግዳሚ ላይ፣ ሁለት ሰዎች በክንድ ርቀት ሳይጮኹ ይነጋገራሉ ወይ? መሣሪያ አያስፈልገውም፤ በጀትም አያስፈልገውም፤ ሁለት ተቆጣጣሪና አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ኮምቦልቻ ላይ ለሠራተኛው ጆሮ የተጻፈው ግዴታ ለተመልካቹም ይጻፍ የሚለው ክርክር ጊዜ ይወስዳል፤ ይህ ግን ነገ ሊጀመር ይችላል። ተመልካቹም ቢሆን የገንዘቡ ባለቤት ነው። ኳሱ ሲደበዝዝ ዲሹን አስተካክል ብሎ የሚጮኸው ደንበኛ፣ ድምፁ ሲበዛም ቀንስልን ማለት መብቱ ነው፤ አብሽር ይለመዳል ሲባል ግን ዝም ማለት የለበትም።